የኤሌክትሪክ ኃይል ሚዛን፦ ከፍተኛ ቮልቴጅን በብርሃን የሚለኩ መሣሪያዎችና ትክክለኛነታቸው

ቡና የሚሸጥና የሚገዛ ነጋዴ ሁሉ ስለ ሚዛን አስተማሪ አያሻውም። በአንድ ፈረሱላ ላይ ሚዛኑ ጥቂት ግራም ቢያሳስት ጉዳቱ ለዓይን አይታይም፤ ነገር ግን በዚያው ሚዛን ዓመቱን ሙሉ በሺህ የሚቆጠር ኩንታል ሲመዘን ከሁለቱ ወገን አንዱ ብዙ ገንዘብ ይጎዳል። ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላ እንደ ሆነ ደግሞ አንዱ ሳይለፋ ይጠቀማል፣ ሌላው ሳያውቀው ይከስራል። ኢትዮጵያ ወደ ውጭ አገር ከምትሸጣቸው ነገሮች አንዱ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለ ሆነ፣ ይኸው የሚዛን ጉዳይ በሽቦ ላይ ለሚሄደው ሸቀጥም ይነሣል።

የኤሌክትሪክ ኃይል ከ2011 ጀምሮ ወደ ጅቡቲ፣ ከ2022 መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ደግሞ ወደ ኬንያ ተሸጧል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የኬንያው መሥመር ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ሱስዋ እስከሚባለው ጣቢያ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ፣ በ500,000 ቮልት የሚሠራና እስከ 2,000 ሜጋዋት ለማሳለፍ የሚችል ነው። እንዲህ ባለ መሥመር ላይ የቆመው ቆጣሪ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ቆጣሪ በመሠረቱ የተለየ ሥራ የለውም፤ የተለየው የሸቀጡ ብዛት ነው።

ለምሳሌ 200 ሜጋዋት ኃይል ሃያ አራት ሰዓት ሳያቋርጥ ቢላክ በቀን 4,800,000 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። መለኪያው 0.2 ከመቶ፣ ማለት ከሺህ ሁለት ብቻ ቢያሳስት፣ በየቀኑ 9,600 ኪሎዋት ሰዓት ሳይከፈልበት ይሄዳል፤ ወይም ሳይደርስ ይከፈልበታል። የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ለስሌቱ ያህል 5 የአሜሪካ ሳንቲም ቢባል ልዩነቱ በቀን 480 ዶላር፣ በዓመት 175,200 ዶላር ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያከራክረው ስሕተት በአንድ ኪሎ ቡና ላይ ቢሆን ሁለት ግራም ነበረ።

አሮጌው ሚዛን

የኤሌክትሪክ ኃይል የሚቆጠረው ሁለት ነገሮች በአንድነት ሲለኩ ነው። አንደኛው በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ከረንት፣ ሁለተኛው ከረንቱን የሚገፋው ቮልቴጅ ነው። ነገሩ በቧንቧ በሚሄድ ውሃ ቢመሰል ከረንቱ የውሃውን ብዛት፣ ቮልቴጁ የውሃውን ግፊት ይመስላል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። ቆጣሪው ስስ መሣሪያ ስለ ሆነ 230,000 ወይም 500,000 ቮልት ሊቀርበው አይችልም፤ ስለዚህ በመካከሉ ቮልቴጁን በታወቀ ልክ ቀንሶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 100 ወይም ወደ 110 ቮልት ገደማ አውርዶ፣ ለቆጣሪው የሚያቀርብ ሌላ መሣሪያ ይቆማል። ይህን ሥራ ለረጅም ዘመን ሲሠራ የኖረው የመለኪያ ትራንስፎርመር ነው።

ይኸው ትራንስፎርመር የብረት እምብርት፣ በእምብርቱ ላይ እጅግ ብዙ ዙር የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ፣ ሽቦውን ከሽቦ የሚለይ ወረቀትና ዘይት፣ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ወይም ሸፍኖ የሚቆም ረጅም የሸክላ ስኒ አለው። ታማኝነቱ የተመሰከረለት መሣሪያ ነው፤ በሚገባ የተሠራ እንደ ሆነ ለብዙ ዓመታት ልኩን ሳይለቅ ይኖራል። ጉድለቱ ቮልቴጁ ከፍ ባለ ቁጥር ቁመቱ፣ ክብደቱና ዋጋው አብሮ መጨመሩ ነው። ከዚህም በላይ በውስጡ ያለው ወረቀት በእርጥበት ወይም በእርጅና ሲበላሽ ዘይቱ ተቃጥሎ ሸክላው ሊፈነዳ፣ ስብርባሪውም በጣቢያው ሠራተኞች ላይ ሊበተን ይችላል። በካፓሲተር የሚሠራው ሁለተኛው ዓይነት በከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ ዋጋው ረከስ ይላል፤ ነገር ግን ካፓሲተሮቹ ሲያረጁና የአየሩ ሙቀት ሲለዋወጥ ልኩ ይንቀሳቀሳል፤ ቮልቴጁ በድንገት ሲዛባም መሣሪያው እውነተኛውን መልክ በቶሎ ለመከተል ይቸገራል።

ብርሃኑ እንዴት ይለካል

በብርሃን የመለካቱ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1845 የማግኔት ኃይል በመስተዋት ውስጥ በሚያልፍ ብርሃን ላይ ለውጥ እንደሚያደርግ አሳየ። ስኮትላንዳዊው ጆን ኬር በ1875 ኤሌክትሪክም በብርሃን ላይ ሥልጣን እንዳለው አስታወቀ። ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ፖክልስ ደግሞ በ1893 በአንዳንድ ክሪስታሎች ውስጥ ለውጡ በቮልቴጁ ልክ፣ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን እጥፍ፣ ግማሽ ሲሆን ግማሽ የሚሆን መሆኑን አጠና። ዛሬ ቮልቴጅን በብርሃን የሚለኩት መሣሪያዎች አብዛኞቹ በእርሱ ስም በሚጠራው በዚህ ጠባይ ላይ የቆሙ ናቸው። ሐሳቡ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ወደ ገበያ ለመግባት ግን ሌዘር የሚባለው ብርሃንና እንደ ፀጉር የቀጠነው የመስተዋት ክር፣ ማለት ፋይበር፣ እስኪገኙ ድረስ መቆየት ነበረበት።

ብርሃን ሲጓዝ ይርገበገባል። አንድ ሰው ረጅም ገመድ ከአጥር ማዶ አስሮ ጫፉን ቢያወዛውዝ ገመዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ እንደዚሁም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሊርገበገብ ይችላል፤ ገመዱ ተቀራርበው በቆሙ ሁለት የአጥር እንጨቶች መካከል ካለፈ ግን ወደ ማዶ የሚሻገረው ወደ ላይና ወደ ታች ያለው እንቅስቃሴ ብቻ ነው። በመሣሪያው ውስጥም ብርሃኑ መጀመሪያ እንዲህ ባለ ማጣሪያ ያልፍና በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ይሆናል። ከዚያ ወደ ክሪስታሉ ይገባል። ክሪስታሉ ቮልቴጅ ካልነካው ብርሃኑን እንደ ገባ ያሳልፈዋል። ቮልቴጅ ሲነካው ግን ብርሃኑ በአንደኛው አቅጣጫ ከሌላው ይልቅ በጥቂቱ ስለሚዘገይ የእንቅስቃሴው መልክ ይለወጣል። በመውጫው ላይ ሁለተኛ ማጣሪያ ይጠብቀዋል፤ የእንቅስቃሴው መልክ በተለወጠ መጠን በዚህ ማጣሪያ የሚያልፈው ብርሃን ይበዛል ወይም ያንሳል። እንግዲህ የቮልቴጁን መጠን ማወቅ የብርሃኑን ድምቀት ወደ ማወቅ ይመለሳል ማለት ነው።

ብርሃኑ ከጣቢያው ቤት ተነሥቶ በመስተዋት ክር ወደ ክሪስታሉ ይወጣል፤ ቮልቴጁን ቀምሶም በመስተዋት ክር ይመለሳል። መስተዋት ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ በከፍተኛው ቮልቴጅና በቆጣሪው ክፍል ውስጥ ባለው ሠራተኛ መካከል ሽቦ የሚባል ነገር የለም። ዘይት የሌለበት ሆኖ ሊሠራ ስለሚችል የእሳቱ አደጋ ይቀራል፤ የብረት እምብርት ስለሌለውም ክብደቱ ከአሮጌው እጅግ ያነሰ ነው።

ብርሃኑን የሚያታልሉ ነገሮች

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ችግሩ ብርሃኑን የሚለውጠው ቮልቴጅ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሙቀት ይለውጠዋል፤ ክሪስታሉን የሚጫን ነገር ይለውጠዋል፤ መብራቱ ሲያረጅ ድምቀቱ ይቀንሳል፤ የጎረቤት ሽቦ ቮልቴጅም ሳይጠራ ይገባበታል። በብርሃን የሚለኩት መሣሪያዎች መጀመሪያ ሲሠሩ ድክመታቸው ቮልቴጁን አለማየታቸው አልነበረም፤ ሌላውንም ሁሉ እንደ ቮልቴጅ አድርገው ማየታቸው ነበረ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው መሻሻል በአብዛኛው ቮልቴጁን ከእነዚህ አስመሳዮች የመለየት ሥራ ነው።

ከሁሉ በፊት የታሰበበት የመብራቱ ጉዳይ ነው። ብርሃኑን የሚሰጠው ዕቃ በአገልግሎት ብዛት ይደክማል፤ የመስተዋቱ ክር ሲታጠፍ ከብርሃኑ ጥቂት ይጠፋል፤ በመጋጠሚያው ላይ አቧራ ሲያርፍም እንዲሁ ነው። ድምቀትን ብቻ የሚያነብ መሣሪያ ይህን ሁሉ የቮልቴጅ መቀነስ ያደርገዋል። መፍትሔው ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። በሞላ የሚሠራ ሚዛን ሞላው ሲደክም ያሳስታል፤ ሁለት ሳሕን ያለው ሚዛን ግን አንዱን ከሌላው ጋር ስለሚያስተያይ እንዲህ ያለው ድካም አይነካውም። በመሣሪያውም ከክሪስታሉ የሚወጣው ብርሃን ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ማጣሪያዎች እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ቮልቴጁ አንደኛውን ሲያደምቅ ሁለተኛውን ያደበዝዛል። የሁለቱ ልዩነት ለሁለቱ ድምር ሲካፈል መብራቱ በአሥር ከመቶ ቢደክም እንኳ ሁለቱም በእኩል ስለሚቀንሱ ውጤቱ አይለወጥም። ሁለቱ የመመለሻ ክሮች እኩል ካልታጠፉ ግን ይህ ዘዴ ብቻውን አይበቃም፤ ስለዚህ በብዙ መሣሪያዎች የእያንዳንዱ ክር ብርሃን መጀመሪያ ከራሱ አማካይ ድምቀት ጋር እንዲነጻጸር ይደረጋል።

የሙቀቱ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። መሐንዲሶች ለዚህ ሥራ አዘውትረው የሚመርጡት ቢስሙት ጀርማኔት የሚባለውን ክሪስታል ነው። (ይኸው ክሪስታል በሆስፒታል የካንሰርን ምስል በሚያነሡ አንዳንድ መሣሪያዎች ውስጥም ስለሚያገለግል በዓለም ገበያ የታወቀ ዕቃ ነው።) የተመረጠበት ምክንያት ቮልቴጅ ሳይነካው ብርሃኑን በራሱ የሚለውጥ ጠባይ ስለሌለው፣ በሙቀት ለውጥም የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለማይፈጥር ነው። ሊትየም ናዮቤት የሚባለው ሌላው ክሪስታል ሁለቱም ጉድለቶች አሉበት። ይሁን እንጂ ቢስሙት ጀርማኔትም ቢሆን ለቮልቴጅ ያለው ስሜት በእያንዳንዱ የሙቀት ዲግሪ 0.015 ከመቶ ያህል ይለወጣል። ቁጥሯ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ፀሐይ ላይ የቆመ መሣሪያ በቀዝቃዛው ወራት ንጋትና በበጋ ቀትር መካከል በ40 ዲግሪ ቢለያይ ስሕተቱ 0.6 ከመቶ ይደርሳል፤ ይህም ለሽያጭ ቆጠራ ከሚፈቀደው የ0.2 ከመቶ ወሰን ሦስት እጥፍ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መሥመር በሞቃት ቆላ የሚያልፍ እንደ መሆኑ መጠን እንዲህ ያለው ስሌት በዚህ አገር የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

የሙቀቱን ስሕተት ለማረም ሁለት መንገዶች ይታወቃሉ። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ከክሪስታሉ አጠገብ የሙቀት መለኪያ ይደረግና ሒሳብ የሚሠራው ክፍል በሙቀቱ ልክ ውጤቱን ያርመዋል። ለዚህም መሣሪያው ከፋብሪካ ሳይወጣ በሚቀዘቅዝና በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ገብቶ በየሙቀቱ የሚያሳየው ስሕተት ይመዘገባል። ሁለተኛው መንገድ ብልህነት የሚጠይቅ ነው። ብርሃኑ በክሪስታሉ ብቻ ሳይሆን አነሣሡን የምታስተካክል ስስ የኳርትዝ ሰሌዳም ያልፋል፤ ይህችም ሰሌዳ በሙቀት ትለወጣለች። መሐንዲሱ ሰሌዳዋን ከተለመደው ልክ ጥቂት አዛንፎ የሠራት እንደ ሆነ ክሪስታሉ በሙቀት ሲጨምር እርሷ እንድትቀንስ ለማድረግ ይችላል፤ ሁለቱ ስሕተቶችም እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። የመጀመሪያው መንገድ ተጨማሪ ዕቃ ያስፈልገዋል፤ ያ ዕቃ ሲበላሽ እርማቱ ራሱ ስሕተት ይሆናል። ሁለተኛው የሚበላሽ ነገር አይጨምርም፤ ነገር ግን በፋብሪካው እያንዳንዷን ሰሌዳ በጥንቃቄ ማዘጋጀትን ይጠይቃል።

ክሪስታሉ ሲጫኑትም ልክ ቮልቴጅ እንደ ነካው ያደርገዋል። በጠንካራ ሙጫ ተጣብቆ የታሰረ ክሪስታል ብረቱ በሙቀት ሲሰፋ ስለሚጨነቅ የሐሰት ቮልቴጅ ያሳያል። ስለዚህ ልል በሆነ ማቀፊያ ላይ ይቀመጣል፤ ከመቆረጡና ከመወልወሉ የቀረው ጭንቀት እንዲለቀውም አስቀድሞ ተሙቆ በዝግታ ይቀዘቅዛል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስሕተት ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን በመሣሪያው ባሕርይ ውስጥ ያለ ነው። ፖክልስ ያጠናው ለውጥ ከቮልቴጁ ጋር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ በማጣሪያው የሚያልፈው ድምቀት ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እንደ ማዕበል ከፍ ብሎ ተመልሶ ይወርዳል። ማዕበሉ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ለመድረስ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ለቢስሙት ጀርማኔት ብዙ አሥር ሺህ ቮልት ነው። የሚለካው ቮልቴጅ የዚህ አንድ አሥረኛ ሲሆን እንኳ ቀጥታ ነው ብሎ ያነበበ ሰው 1.6 ከመቶ አሳንሶ ያነባል። ይህ ስሕተት በሒሳብ ፈጽሞ የሚታረም ስለ ሆነ አያስፈራም። የሚያስቸግረው ቮልቴጁ ማዕበሉን አልፎ ሲሄድ ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ዓይነት ድምቀት ብዙ የተለያዩ ቮልቴጆችን ሊያመለክት ይችላል። አንድ እጅ ብቻ ያለው ሰዓት ደቂቃውን አሳይቶ ሰዓቱን እንደሚደብቅ ያለ ነው። ለዚህም በማዕበሉ ላይ ሩብ ያህል ወደ ኋላ የቀረ ሁለተኛ የብርሃን መንገድ ይጨመራል፤ ሁለቱ በአንድነት ሲነበቡ ቮልቴጁ ሲወጣ ይሁን ሲወርድ፣ ስንተኛውን ማዕበል እንዳለፈም ይታወቃል።

በሥራ ላይ ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የጎረቤት ነገር ነው። ቮልቴጅ በሁለት ቦታዎች መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ ይኸውም ከምድር እስከ ሽቦው ድረስ ባለው መንገድ ላይ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ግፊት ሁሉ ድምር ማለት ነው። ትንሽ ክሪስታል የሚያየው ግን ራሱ በቆመበት ስፍራ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ይህ የአንድ ስፍራ ግፊት በአጠገቡ ያሉት ሁለቱ ሽቦዎች ስላሉ፣ ዝናብ የስኒውን ግድግዳ ስላረጠበው፣ ወይም የጨው አቧራ ስላረፈበት ሊለወጥ ይችላል፤ በመሥመሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ግን ንቅንቅ አላለም። የቡና ናሙና የሚወስድ መርማሪ ከጆንያው አፍ ብቻ ቆንጥሮ ቢመሰክር የሚሆነው ይኸው ነው።

ለዚህ ችግር የተገኙት መልሶች ሁለት ናቸው። አንዳንዶች ከምድር እስከ ሽቦው ያለው ቮልቴጅ ሁሉ ሳይጎድል በአንድ ክሪስታል ጫፎች መካከል እንዲወድቅ ያደርጋሉ። ይህ አሠራር ለጎረቤት ቦታ አይሰጥም፤ ነገር ግን ግዙፉ ቮልቴጅ ሁሉ በአጭር ዕቃ ላይ ስለሚያርፍ ብልጭታ እንዳይዘል ክሪስታሉን ኤሌክትሪክ በሚከላከል ጋዝ ወይም በሌላ ጠንካራ መከላከያ መክበብ ያስፈልጋል። ሌሎቹ ልክ እንደ ደህና ናሙና ወሳጅ ከብዙ ስፍራ ይቀምሳሉ። በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ የሚገኘው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ከእነርሱ ጋር የሠሩ መሐንዲሶች በ2002 ባሳተሙት ጥናት ለ230,000 ቮልት የሚሆን እንዲህ ያለ መሣሪያ አሳይተዋል። ባዶ በሆነው የስኒ ዓምድ ውስጥ ጥቂት ትንንሽ ክሪስታሎች በተለያየ ከፍታ ይቀመጣሉ፤ ስፍራቸውና በድምሩ ውስጥ የሚሰጣቸው ክብደት በሒሳብ ዘዴ የተመረጠ ነው። ዝናብ ወይም ጎረቤት የአንደኛውን ንባብ ከፍ ሲያደርግ የሌላውን ዝቅ ስለሚያደርግ ድምሩ እንደ ነበረ ይቆያል። የዚህ ዘዴ ውበቱ የተራቀቀ ክሪስታል መፈለጉን ትቶ ተራውን ዕቃ በተገቢው ስፍራ ማስቀመጡ ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በሴኮንድ 50 ጊዜ ለሚመላለሰው ለተለመደው ኤሌክትሪክ ነው። የኬንያው መሥመር ግን ቀጥተኛ ከረንት፣ ማለት ዲሲ፣ የሚሄድበት ስለ ሆነ ነገሩ ይለያል። የማይመላለስ ቮልቴጅ ለረጅም ጊዜ ሲጫነው በክሪስታሉ ውስጥና በፊቱ ላይ የኤሌክትሪክ ቻርጅ በዝግታ እየተጠራቀመ ግፊቱን ይሸፍናል፤ ቮልቴጁ ሳይቀንስ ንባቡ ይቀንሳል። ከአማካይ ድምቀት ጋር የማነጻጸሩ ዘዴም እዚህ አይሠራም፤ ምክንያቱም አማካዩ ራሱ የሚፈለገው ቮልቴጅ ነው። ስለዚህ በዲሲ መሥመሮች ላይ ቮልቴጁን በመከፋፈል የሚቀንሱ የሬዚስተርና የካፓሲተር ዓምዶች ዛሬም የተለመዱ ናቸው፤ የመስተዋቱ ክር በዚያ የሚያገለግለው በአብዛኛው የተለካውን ቁጥር ወደ ታች ለማውረድ ነው። ለዲሲ ሽያጭ በብርሃን የሚለካ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ሻጭ ይህን ጥያቄ ከሁሉ በፊት ሊመልስ ይገባዋል።

ለሚገዛና ለሚያስመጣ

መቀመጫው ጄኔቭ የሆነው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እነዚህን መሣሪያዎች በትክክለኛነታቸው በክፍል ለይቷቸዋል። ደንቦቹ በቁጥር 61869 ሥር የተሰበሰቡ ናቸው። ለሽያጭ ቆጠራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ክፍል 0.2 ሲሆን፣ ትርጉሙ መሣሪያው ከተሠራበት ቮልቴጅ 80 እስከ 120 ከመቶ ባለው ወሰን ውስጥ በመጠን ከ0.2 ከመቶ በላይ አይሳሳትም ማለት ነው። በዚህ ብቻ አያበቃም። በጊዜም ከ10 ደቂቃ በላይ መዛባት የለበትም። ይህ ደቂቃ የሰዓት ደቂቃ አይደለም፤ አንዱ ምልልስ በ360 ዲግሪ፣ እያንዳንዱም ዲግሪ በ60 ደቂቃ ሲከፈል የሚገኘው የማዕዘን ደቂቃ ነው።

ብዙ ገዢዎች የመጀመሪያውን ቁጥር አንብበው ሁለተኛውን ያልፉታል፤ ይህ ግን ገንዘብ ያስወጣል። የቮልቴጁና የከረንቱ ምልልስ እኩል ሲሄድ የ10 ደቂቃ መዛባት በሒሳቡ ላይ ምንም ያህል አይታይም። ሞተር በሚበዛባቸው ፋብሪካዎች ግን ከረንቱ ከቮልቴጁ ኋላ ይቀራል፤ ፓወር ፋክተር የሚባለው ቁጥር 0.8 በሆነበት ጊዜ ይህችው የ10 ደቂቃ መዛባት ብቻዋን በኃይሉ ቆጠራ ላይ 0.22 ከመቶ ስሕተት ትጨምራለች። በብርሃን የሚለካው መሣሪያ በዚህ በኩል የራሱ ፈተና አለበት። ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ቁጥር የሚለውጠው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ለሥራው ጊዜ ይወስዳል፤ 10 ደቂቃ ማለት ደግሞ በ50 ምልልስ አገር ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ እጅ ዘጠኝ ያህል ብቻ ነው። መዘግየቱ መኖሩ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ልኩ አለመታወቁ ወይም መለዋወጡ ነው። ስለሆነም የቮልቴጁና የከረንቱ መሣሪያዎች በአንድ ሰዓት መመራት አለባቸው።

በሻጮች የማስታወቂያ ወረቀት ላይ «ትክክለኛነት 0.2» ተብሎ በትልቁ ሲታተም ቁጥሩ በየትኛው ሙቀት እንደ ተገኘ በትንሹ እንኳ የማይጻፍበት ጊዜ አለ። በላቦራቶሪ በ20 ዲግሪ የተገኘ 0.2 እና ከብርድ እስከ ሙቀት ተፈትኖ የተገኘ 0.2 አንድ ዕቃ አይደሉም፤ ዋጋቸውም አንድ ሊሆን አይገባም። የሚጠየቀው የምስክር ወረቀት ሙቀቱ ከፍና ዝቅ ሲል ስሕተቱ ስንት እንደ ነበረ በሠንጠረዥ የሚያሳየው ነው። የተለመደው የደንቡ የሙቀት ወሰን ላይኛው ጫፍ 40 ዲግሪ ስለ ሆነ ከዚያ ለሚያልፍ ቆላ ልዩ ትእዛዝ ያስፈልጋል። በዚህ አጋጣሚ ከትክክለኛነት ውጭ የሆነ አንድ ነገር መጥቀስ ይገባል፤ በካታሎግ ያለው ተራው ስኒ የሚሠራው ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ስፍራ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በደጋ አየሩ ስስ በመሆኑ ኤሌክትሪክን የመከላከል ኃይሉ ስለሚቀንስ ለደጋ ጣቢያ የሚታዘዝ ስኒ ረዘም ሊል ይገባል፤ ይህን ሳያስታውቅ ያዘዘ አስመጪ የማይቆም ዕቃ ተቀብሎ ጉምሩክ ይከፍላል።

ሁለተኛው ጥያቄ በጣቢያው ያለው ቆጣሪ ምን ይቀበላል የሚለው ነው። አሮጌው ቆጣሪ ከትራንስፎርመሩ 100 ወይም 110 ቮልት ይጠብቃል። በብርሃን የሚለካው መሣሪያ ግን በባሕርዩ የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ ይህም በመረብ የሚተላለፍና ቁጥር 61850 በተባለው ደንብ የሚመራ ነው። አዲሱን መሣሪያ ከአሮጌው ቆጣሪ ጋር ለማገናኘት ማጉያ መጨመር ይቻላል፤ ነገር ግን ማጉያው የራሱን ስሕተት ይዞ ይገባል፤ በክሪስታሉ ላይ በብዙ ድካም የተገኘው ትክክለኛነትም በመጨረሻው እርምጃ ይባክናል። ስለዚህ ዋጋ ሲጠየቅ የመሣሪያውና የቆጣሪው በአንድነት መጠየቅ አለበት። የክሪስታሉ ዕድሜ ረጅም ሊሆን ይችላል፤ የመብራቱና የኤሌክትሮኒክሱ ግን ከዚያ ያጥራል፤ ስለሆነም ክፍሎቹ ሲለወጡ መሣሪያው ሁሉ እንደ ገና መፈተን ያስፈልገው እንደ ሆነ በውሉ ውስጥ ሊጻፍ ይገባል።

በየከተማው በተዘረጉት የ15,000 እና የ33,000 ቮልት መሥመሮች ላይ አሮጌው ትራንስፎርመር ትንሽ፣ ርካሽና የታወቀ ስለ ሆነ በብርሃን የሚለካው ሊተካው የሚያበቃ ምክንያት በብዙ ስፍራ አይገኝም። ሚዛኑ ወደ አዲሱ የሚያደላው በ230,000 ቮልትና ከዚያ በላይ ነው፤ በዚያ የአሮጌው ክብደት፣ ዘይትና ዋጋ ሁሉ በአንድነት ይበዛሉ።

በድንበር ላይ በሚደረግ የኃይል ሽያጭ የተለመደው ሥርዓት ዋናና አመሳካሪ የሚባሉ ሁለት ቆጣሪዎች ማቆም ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በውል ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ሁለቱም ወገኖች ባሉበት ምርመራ ይደረጋል። ሁለቱም ቆጣሪዎች ከአንድ ዓይነት ትራንስፎርመር የሚመገቡ እንደ ሆነ ግን በአንድ ምክንያት ወደ አንድ ወገን ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ መስማማታቸውም እውነተኛ ምስክርነት አይሆንም። በተለመደው የተለዋዋጭ ከረንት መሥመር ላይ ዋናው ቆጣሪ ከአሮጌው ትራንስፎርመር፣ አመሳካሪው በብርሃን ከሚለካው መሣሪያ ቢመገብ አንዱ የሚታመምበት በሽታ ሌላውን አይዘውም፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲታይም ክርክሩ ከየትኛው ወገን እንደሚጀመር ለመርማሪዎቹ የሚጨበጥ ምልክት ይኖራቸዋል።